ሌሊሴና ሰማንያ አምስቷ ሌንስ

ባለፈው ሳምንት ብቻ ሦስት ሰው መንገድ ላይ አስቁሞኛል። ሦስቱም የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ሌሊሴ ፎቶ ቤት ምነው ተዘጋ?» ሦስተኛዋ በርበሬ ነጋዴዋ ሴትዮ ነበሩ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ምነው ልጄ፣ ደህና አይደለችም እንዴ?» አሉኝ። ለቅሶ ሳይደርሱ የቀሩ መስሏቸው ፊታቸው ተለዋውጧል።

«ኧረ ደህና ናት! ከእኔም ከእርስዎም ደህና ናት!» ብዬ ስጮህ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

እውነት ነው፣ የፎቶ ቤቷ የቆርቆሮ በር ተዘግቷል። መስኮቱ ላይ ተደርድረው የነበሩት የሙሽሮች ፎቶዎችም ተነስተዋል። ሌሊሴ አምቦ ውስጥ የለችም። እንዴት እንደሄደች ለጠየቀኝ ሁሉ በቆምኩበት ስናገር ከደስታዬ ብዛት እየዘለልኩ፣ የኋላውን ከፊት እያስቀደምኩ አስቸገርኩ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው ልናገር።

የተዋወቅነው ጉደር ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ አምቦ የቀረሁበት፣ ያገለገለ የቪዲዮ ካሜራ ይዤ ሰርግ መቅረጽ የጀመርኩበት ሰሞን ነበር። ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ መብራቴን ከፍ አድርጌ ተንደረደርኩ። ወዲያው አንድ ሰው ከኋላ ቀበቶዬን ይዞ ጎተተኝ። እንደ ጥጃ ተስቤ ዞር ስል፣ አጠር ያለች፣ ጂንስ ሱሪና ስኒከር ያደረገች፣ ፀጉሯን በሻሽ ያሰረች ሴት ቆማለች። ከእኔ አስር ዓመት ያህል ትበልጣለች። አንገቷ ላይ ካሜራ፣ ትከሻዋ ላይ ፎጣ፣ ክንዷ ላይ ደግሞ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርጩማ ተንጠልጥሏል።

«የማን ሙሽራ ነህ?» አለችኝ።

«እ?»

«ከሙሽራዋ ጎን ቆመሃል እኮ! ወይ ቀለበትህን አውጣ፣ ወይ ከፊቴ ጥፋ!»

ሚዜዎቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔ ገና አፌን ልከፍት ስል እሷ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳ፣ በርጩማዋ ላይ ወጥታ፣ ትንፋሿን ውጣ አንድ ጊዜ ብቻ ጠቅ አደረገችና «አርጌራ!» ብላ ጮኸች። በኦሮምኛ «አይቼዋለሁ» ማለቷ ነው። በኋላ እንደለመድኩት፣ የምትፈልገውን ፊት ባገኘች ቁጥር እንዲሁ ትጮኻለች። ቄስ ፊትም ይሁን ከንቲባ ፊት ግድ የላትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አስር ዓመት ገደማ አብረን ሠራን። ጊንጪ፣ ጉደር፣ ጌዶ፣ ባኮ፤ ሰርግ ካለ እኔና ሌሊሴ አለን። ስሜ ዳዊት ነው፤ እሷ ግን አንድም ቀን በስሜ ጠርታኝ አታውቅም ነበር። «አንተ ቪዲዮ!» ነው የምትለኝ።

ስለ ሌሊሴ ሲነሳ ስለ ሌንሷ አለመናገር አይቻልም። ሰማንያ አምስት ሚሊ ሜትር ነው፤ የሰው ፊት ለማንሳት የሚወደድ ሌንስ። ዙም የለውም። ሰውየው ቀረብ ብሎ እንዲታይ ከፈለግህ በእግርህ ትቀርበዋለህ፤ ብዙ ነገር እንዲገባልህ ከፈለግህ በእግርህ ወደ ኋላ ትሄዳለህ። ሌሊሴ የወደደችለትም ይህንኑ ነው። «ዙም ያሰንፋል፤ ይቺ ግን ታስሮጠኛለች» ትል ነበር። ሌንሱን «ይቺ» እያለች እንደ እህት ነው የምትጠራው።

ከአዲስ አበባ ያገለገለ ገዝታ ስታመጣው የጠርዙ ቀለም ተላልጦ ነበር። ብርጭቆው ግን ንጹሕ ነው። በዚያ ሌንስ ሲነሳ ከሰው ኋላ ያለው ነገር፣ የቆርቆሮ አጥሩም፣ የተሰበረው ወንበርም፣ የቆመው ባጃጅም ይቀልጥና የቀለም ጉም ይሆናል፤ የሰውየው ዓይን ግን ሽፋሽፍቱ እስኪቆጠር ይጠራል። ጊንጪ ላይ አንድ የሙሽራ አባት ፎቷቸውን አይተው፣ «ይሄ የእኔ ግቢ ነው? ለካ ገነት ውስጥ ኖሬ ነው የማማርረው!» ብለዋታል።

ሌሎች ዕቃዎቿ የቤት ዕቃዎች ናቸው ማለት ይቻላል። ቁመቷን የምታሟላበት ያ በርጩማ አለ። ፀሐይ ፊት ላይ ጥላ ሲጥል ከጎን ተወጥሮ ብርሃን የሚመልስላት አንድ ነጭ አንሶላ አላት፤ አንሶላውን የሚይዘው ብዙ ጊዜ የሙሽራው አጎት ወይም እዚያ አካባቢ የተገኘ ጎረምሳ ነው። ፍላሽም አላት፣ ግን ትጠላዋለች። «ፍላሽ ሰውን የተያዘ ሌባ ያስመስላል» ትላለች። ለቡድን ፎቶ ደግሞ ሰፊ ሌንስ የተገጠመለት ሁለተኛ ካሜራ ነበራት፤ እሱን እንደ እንጀራ ልጅ ነበር የምትይዘው።

ሰውን ስትደረድር አይቻት አላውቅም። ሌላው ፎቶ አንሺ «ቀና በል፣ ፈገግ በል» ሲል፣ እሷ ሙሽራውን «ትናንት ማታ ስንት ሰዓት ተኛህ? እውነቱን!» ትለዋለች። እሱ ሙሽራዋን ያያል፣ ሙሽራዋ ትስቃለች፣ እሷ ጠቅ ታደርጋለች። ማንሳት ከመጀመሯ በፊት ግን የማትረሳው አንድ ነገር ነበር፤ ወደ ሙሽራው ትሄድና ኮሌታውን በሁለት እጇ ታስተካክልለታለች፣ ክራቫቱን ታጠብቅለታለች፣ ደረቱን መታ መታ ታደርገዋለች። ያን ጊዜ የስንቱ ጎረምሳ መንቀጥቀጥ እንደቆመ እኔ ነኝ የማውቀው።

በኮሮና ጊዜ ሰርጉ ሁሉ ሲቀር እኔ ቤቴ ተቀምጬ ጣሪያ ስቆጥር እሷ ሥራ ፈጠረች። ሰው በየግቢው በር ላይ ይቆማል፣ እሷ ከመንገዱ ማዶ ሆና ታነሳዋለች። «ርቀታችሁን ጠብቁ» እየተባለ በድምፅ ማጉያ ሲለፈፍ፣ «እኔና ይቺ ድሮም ርቀን ነው የምናነሳው!» እያለች በሳቅ ትፈነዳለች።

ከሁሉ በላይ የማልረሳው ግን የወንጪውን ሰርግ ነው። ከፋሲካ በኋላ፣ ሚያዝያ ላይ ነበር። የሙሽራዋ ቤት ቁልቁል ወርዶ ሐይቁ ዳር ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ መኪናችን አፋፉ ላይ ቆመ፤ ዕቃችንን በፈረስ ጭነን በእግር መውረድ ጀመርን። ሌሊሴ ሰማንያ አምስቷን ፈረስ ላይ ለመጫን እምቢ አለች። ከነካሜራው በፎጣ ጠቅልላ፣ ጃኬቷ ውስጥ ደረቷ ላይ አስራ እንደ ሕፃን አቅፋው ወረደች። ባለፈረሱ «ወንድ ነው ሴት?» ብሎ ቀለደባት።

መንገዱ አጋማሽ ላይ ፈረሱ አዳለጠው። ደግነቱ እሱ ምንም አልሆነም፤ ቦርሳው ግን ተፈቶ ጭቃውን እየላሰ ተንከባለለ። ስንከፍተው ባለ ሰፊ ሌንሱ ካሜራ ለሁለት ተሰንጥቋል። ሌሊሴ አንዴ አየችው፣ ዚፑን ዘጋችና «እንሂድ፣ ሙሽራዋ እየጠበቀችን ነው» አለች።

ሰርጉ ያማረ ነበር። በሰማንያ አምስቷ ብቻ እየሮጠች፣ ደጅ እየወጣች፣ በመስኮት በኩል ወደ ውስጥ እያነሳች ተወጣችው። ችግሩ የመጣው የሙሽራዋ አባት ኦቦ ቶሎሳ ዘመዳቸውን ሁሉ ሐይቁ ዳር አሰልፈው ሲጠሯት ነው። ስልሳ ሰው ይሆናል። ከሰዎቹ ኋላ ገደል፣ ከፊታቸው ሐይቅ። መሃሉ ላይ ያለችው መሬት አስር እርምጃ አትሞላም። በዚያ ሌንስ ከዚያ ቦታ ቢነሳ አምስት ሰው ቢገባ ነው።

እኔ ነገሩን ለማቅለል ብዬ፣ «አባ፣ ለሁለት ከፍለን እናንሳችሁና በኋላ ኮምፒውተር ላይ እንገጣጥመዋለን» አልኳቸው።

ኦቦ ቶሎሳ ክው አሉ። «ለሁለት? ልጄ፣ እኔና ወንድሜ ስምንት ዓመት ተኳርፈን ዛሬ ጠዋት እኮ ነው ሽማግሌ ያስታረቀን! ያውም በሰርጉ ቀን! አሁን አንተ መልሰህ ለሁለት ልትከፍለን ነው?»

«ታዲያ በስልክ...»

«በስልክማ ሁሉም ሲያነሳ ነው የዋለው። እኔ የምፈልገው ግድግዳ የሚሞላ ነው። ማንም ተነስቶ ግማሹን የማይቆርጠው!»

ወንድማቸው ከዳር ቆመው መሬት መሬት ያያሉ። ሌሊሴ ሰዎቹን አየች፣ ገደሉን አየች፣ ከዚያ ዞራ ውኃውን አየች። ዳር ላይ አንዲት ጀልባ ታስራለች፤ ባለቤቷ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ ይቺ ጀልባ ወደ ኋላ ትሄዳለች?» አለቻቸው።

ምን እንዳሰበች ገባኝ። ሌሊሴ ዋና አትችልም! እኔ «ተይ! አበድሽ እንዴ?» እያልኩ ስከተላት እሷ ጫማዋን አውልቃ ገብታለች። ሽማግሌው እየቀዘፉ ከዳሩ አራቋት። አስር ሜትር፣ ሃያ ሜትር። ሌሊሴ ካሜራውን ዓይኗ ላይ አድርጋ እጇን ታወዛውዛለች፤ ገና ነው፣ ገና ነው። ሠላሳ ሜትር ገደማ ሲደርሱ ብድግ ብላ ቆመች። ጀልባዋ ወደ ግራ ዘመመች። «ታኢ! ታኢ! ተቀመጪ አንቺ ሴት!» ብለው ሽማግሌው ሲጮኹ ድምፃቸው ገደሉን መትቶ ተመለሰ። ስልሳው ሰው በአንድ አፍ «ውይ!» አለ፤ ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ፣ ኦቦ ቶሎሳ ሳያስቡት የወንድማቸውን ክንድ ጨበጡ። ጀልባዋ ግን ተመልሳ ቀጥ አለች። ሌሊሴ አልወደቀችም። ሰዉ ሁሉ እፎይ ብሎ በሳቅ ሲፈነዳ ከውኃው ላይ የእሷ ድምፅ መጣ፤

«አርጌራ!»

ያ ፎቶ ዛሬም በኦቦ ቶሎሳ ሳሎን ግድግዳ ሙሉ ተሰቅሏል። ስልሳ ሰው እየሳቀ፣ ስልሳው ሰው ተገልብጦ በውኃው ላይ እየሳቀ፤ መሃላቸው ላይ ሁለቱ ወንድማማቾች ተያይዘው። እኔ በቪዲዮ የቀረጽኩት ደግሞ አንዲት ባዶ እግሯን የሆነች ሴት ጀልባ ላይ ቆማ ስትጨፍር ነው።

ይህን ሁሉ ዓመት ሌሊሴ አላገባችም ነበር። የአምቦ ሰው ለቀልድ አይሰንፍም፤ «ሌላው በሰማንያ ይጋባል፣ እሷ በሰማንያ አምስት ተጋብታ ቁጭ አለች» ይላታል። እሷም ትስቃለች። አንድ ቀን ከጌዶ ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ፣ «ግን ለምንድን ነው ያላገባሽው?» ብያት ነበር። በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች፣ «አባቴ ሲታመም ጊዜው አለፈ። ከዚያ ደግሞ የሰው ሰርግ በዛብኝ» አለችና ወዲያው ስለ ባትሪ ማውራት ጀመረች።

ከዚያ ኦቦ ደበላ መጣ።

ኦቦ ደበላ ባኮ ላይ የበቆሎ ዘር የሚያባዛ ገበሬ ነው፤ ሚስቱ ከሞተችበት ቆይቷል። ለጉዳይ አምቦ መጥቶ ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ሊነሳ ገባ። እኔ ጥግ ላይ ቪዲዮ እየቆረጥኩ ነበር። ሌሊሴ ኮሌታውን አስተካከለችለት፣ አንድ ነገር ተናገረችው፣ ሳቀ፤ አነሳችው። በሁለተኛው ሳምንት ተመልሶ መጣ። ፎቶው ጠፋብኝ አለ። በአራተኛው ሳምንት መጣ። አሁን ደግሞ ለባንክ ነው አለ። አራተኛ ጊዜ ሲመጣ እኔ አልቻልኩም።

«ኦቦ ደበላ፣ ባኮ ላይ ፎቶ ቤት የለም እንዴ?»

ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና፣ «ሞልቷል» አለ። «ግን እዚያ ያለው አንሺ ፂም አለው።»

ሌሊሴ ከመጋረጃው ኋላ ዕቃ የወደቀባት አስመስላ ለረጅም ጊዜ ሳትወጣ ቀረች።

ሰርጉ ለግንቦት ተቆረጠ። ከዚያ አንድ ቀን ጠርታኝ ሰማንያ አምስቷን ከነካሜራው እጄ ላይ አስቀመጠችው። በአስር ዓመት ውስጥ ነክቼው አላውቅም።

«አንተ ነህ የምታነሳኝ።»

«እኔ? እኔ እኮ ቪዲዮ ነኝ!»

«ቪዲዮውን ሌላ ሰው ይቅረጽ። ፊቴን ለማላውቀው ሰው አልሰጥም።»

ሁለት ሳምንት አሠለጠነችኝ። ግቢዋ ውስጥ ዶሮ እያሳደድኩ ዓይኗ ላይ ፎከስ እንዳደርግ ታዘኛለች። «ምንቃሯን አይደለም፣ ዓይኗን! እንደገና!» ስትለኝ ጎረቤቱ ሁሉ በአጥር ላይ ተንጠልጥሎ ይስቃል። ዶሮዋ እኔን ገና ከሩቅ ስታይ መሸሽ ጀመረች። በመጨረሻው ቀን ግን ከሃያ ፎቶ ውስጥ አስራ አንዱ ጠርቶ ወጣ። ሌሊሴም «ከዶሮ ቀስ ብዬ እሄድልሃለሁ» አለችኝ።

የሰርጉ ቀን አምቦ እንዳለ ወጣ ማለት እችላለሁ። ግማሹን ከተማ እሷ ናት የዳረችው፤ ያነሳቻቸው ሙሽሮች ልጆቻቸውን አስከትለው መጡ። እኔ ሸሚዜ በላብ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። ሌሊሴ ነጭ ቀሚስ ለብሳ ስትወጣ እልልታው ቀለጠ። ካሜራውን ዓይኔ ላይ አድርጌ ሳያት ግን ደነገጥኩ። ደርቃለች! ያቺ ሰውን ሁሉ የምታስቅ ሴት ሌንሱ ፊት ስትቆም አገጯ ተሰብስቦ፣ ትከሻዋ ተወጥሮ፣ ራሷ ጉርድ ፎቶ ሆነች። አፏ ብቻ ነው የማይደርቀው፤ «ብርሃኑ ከኋላዬ ነው፣ ዙር! ጎንበስ በል! ባትሪ አየህ?»

አንድ ሰዓት ሙሉ አነሳሁ። አንድም ሌሊሴ የለችበትም። ምሽቱ እየቀረበ፣ ብርሃኑ እያለቀ ነው። ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ያቺ ሴት ለስንቱ ሰው የዕድሜ ልክ ፎቶ ስትሰጥ ኖራ፣ የራሷን ሰርግ እኔ ላበላሽባት ነው።

በዚህ መሃል ኦቦ ደበላ እንደታዘዘው ብቻውን ሊነሳ አንድ ዛፍ ሥር ቆመ። ኮሌታው አንዱ ወገን ተቀልብሷል። ሌሊሴ አየችው። ምንም ሳታስብ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ለሌላው ሙሽራ ሁሉ እንደምታደርገው ፈጠን ፈጠን እያለች ሄደችና ኮሌታውን በሁለት እጇ አስተካከለችለት። ክራቫቱን አጠበቀችለት። ደረቱን መታ መታ አደረገችው። ዞራ ልትሄድ ስትል እጇን ያዘው።

«ወዴት ነው?» አላት። «የዛሬው የራስሽ ነው እኮ።»

ሌሊሴ ቀና ብላ አየችው። መጀመሪያ ግራ ገባት። ከዚያ ገባት። ከዚያ ከልቧ ሳቀች፤ እንባዋ ሳይጠራ እየመጣ፣ ግንባሯ ደረቱ ላይ እስኪደርስ ሳቀች። እኔ ወደ ኋላ ሦስት እርምጃ ሮጥኩ፣ ዓይኗን ፈለግሁ፣ ትንፋሼን ዋጥኩ።

ጠቅ።

በማግስቱ ባሏን ተከትላ ባኮ ገባች። ፎቶ ቤቱ የተዘጋው በዚህ ነው፤ ካሜራውንም ሌንሱንም ይዛ ሄዳለች፣ እዚያ ልትከፍት ቦታ አግኝታለች።

ነሐሴ ላይ ፎቶዎቹን አሳትሜ ይዤላት ሄድኩ። የባኮ ሙቀት ገና ከአውቶቡስ ስወርድ ተቀበለኝ። በቆሎው ከሰው ቁመት በላይ ሆኗል፤ ኦቦ ደበላ ውስጡ ገብቶ ድምፁ ብቻ ይሰማል። ሌሊሴ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ማየት ጀመረች። ርኅራኄ የሚባል ነገር የለም። «ይሄ ብርሃን በዝቶበት ተቃጥሏል። ይሄ ፎከሱ ጆሮ ላይ ነው። ይሄ ምንድን ነው፣ የማን ክርን ነው? ይሄስ ደህና ነው፣ አጋጣሚ ነው።» እኔ አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ።

ከዚያ መገልበጧን አቆመች።

ቀና ስል ያቺን ፎቶ ይዛለች። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና እንደገና ያዘችው። ወደ ብርሃኑ አዞረችው። አራቀችው፣ አቀረበችው። እኔ ስህተቴን እስክትነግረኝ ጠበቅሁ፤ አልነገረችኝም። በመስኮቱ መስታወት ላይ ራሷን አየት አደረገችና ወደ ፎቶው ተመለሰች።

«አንተ ዳዊት» አለችኝ ቀስ ብላ። ስሜን ጠራችው። «ቆንጆ ነኝ እኮ።»

ወዲያው ብድግ ብላ ፎቶውን ከፍ አድርጋ ይዛ ወደ በቆሎው ጮኸች። «ደበላ! ኮቱ! ና ቶሎ! ቆንጆ ነኝ እኮ!»

በቆሎው ተንኮሻኮሸ። ከውስጡ የኦቦ ደበላ ድምፅ በሳቅ ታጅቦ መጣ፤

«አራት ጊዜ በአውቶቡስ ተመላልሼ ስነግርሽ የት ነበርሽ?»